ጫማ የተጫማች ወንፊት

ወንድ ልጅ ወንፊት ይዞ አይቶ ያልሳቀ የስማዳ ሰው ካለ፣ ያ ሰው ወይ ዓይኑ አያይም ወይ ጥርሱን ያመዋል። ይግዛው ይህን ከማንም በላይ ያውቃል። ስማዳ ተወልዶ፣ ስማዳ አርሶ፣ አርባ ዓመት እስኪያልፈው ድረስ ወንፊትን ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ከማየት በቀር በእጁ ነክቶት አያውቅም ነበር። ሴት ቤት ውስጥ ዱቄት ትነፋለች፣ ወንድ አውድማ ላይ በመንሽ ያዘራል፤ ነገሩ ከጥንት የተቆረጠ ነው። ይኸው ሰውዬ ነው እንግዲህ በአርባ አራት ዓመቱ፣ መካነ ኢየሱስ ከተማ ውስጥ፣ በወንፊት የተነሣ በቅናት ሊሞት የደረሰው።

ወደ ከተማው የመጣው ለጥበቃ ሥራ ነበር። የአባቱ መሬት ለሦስት ወንድማማቾች ሲካፈል ለእሱ የደረሰችው ቁራጭ በሬ እንኳ የማታዞር ስለነበረች፣ ሚስቱን አመለወርቅን ይዞ እስቴ፣ መካነ ኢየሱስ ገባና ከከተማው ዳር፣ ባሕር ዛፉ ሥር ባለ አንድ የቴክኒክ ኮሌጅ በር ላይ ቆመ። ሰባት ዓመት ቆመ። ሰባት ዓመት ሙሉ የገባውም የወጣውም «እንደምን አደርክ» ከማለት ያለፈ አላለውም። ከዚያ ዱቄት የሚበላው ማሽን መጣ።

ማሽኑን ተማሪዎቹ ስሪዲ ፕሪንተር ይሉታል። የኮሌጁ የምርምር ወርክሾፕ ኃላፊ ዶክተር ዓለምነህ ስንት ደብዳቤ ጽፈው፣ ስንት ቢሮ ደጅ ጠንተው ያስመጡት ነው። ነጭ የናይለን ዱቄት እንደ ወረቀት አሳስቶ ያነጥፋል፤ በላዩ የሌዘር ብርሃን ያስኬዳል፤ ብርሃኑ የነካው ቀልጦ ይያያዛል፤ እንደገና ያነጥፋል፣ እንደገና ያቀልጣል። ዛሬ ዱቄት የነበረው በማግስቱ የውኃ ፓምፕ ክዳን ወይም የወፍጮ ጥርስ ሆኖ ከዱቄቱ ውስጥ ተቆፍሮ ይወጣል። ብርሃን ያልነካው ትርፍ ዱቄት ውድ ስለሆነ አይጣልም፤ ተመልሶ ይሠራበታል። ሙቀቱ ግን እዚህም እዚያም ያጓጉለዋል፤ ጓጓላው ካልወጣ ደግሞ ሲነጠፍ ይቧጭራል፣ የሁለት ቀን ሥራ ገደል ይገባል። ስለዚህ ከእያንዳንዱ ሥራ በኋላ ዱቄቱ በስስ የናስ ወንፊት መነፋት አለበት።

ተማሪዎቹ ሞከሩ። ግማሹን መሬት ላይ፣ ሩቡን ፀጉራቸው ላይ ነፉት፤ የቀረው ወንፊቱ ላይ ተጣብቆ ዓይን ዓይናቸውን ያያቸው ጀመር። ይግዛው በመስኮት እያየ አንጀቱ አረረ። እህል ሲባክን አይቶ የማያርር ገበሬ የለም፤ ናይለንም ቢሆን ዱቄት ዱቄት ነው። ገባና «እስቲ ስጡኝ» አለ።

ከመግባቱ በፊት ግን ደፉ ላይ ጫማውን አወለቀ። አስቦበት አይደለም። ልጅ ሳለ አውድማ ላይ በኮንጎ ጫማ ዘሎ ገብቶ አባቱ በአለንጋ ጀርባውን አቅልተውታል፤ «አውድማ በጫማ አይረገጥም! ረድኤቱ ይሸሻል!» ብለው። ከዚያ ወዲህ የእህል ነገር ያለበት ቦታ ሲገባ እግሩ ራሱ ጫማውን ጥሎ ይቀድመዋል።

የመጀመሪያው ቀን እጁ አልታዘዘለትም። ቤቱ ሄዶ ለአመለወርቅ አፍሮ አፍሮ ነገራት። እሷ አልሳቀችም፤ በሩን ዘጋች፣ የሽሮ ወንፊቷን አወረደችና አንድ ሳምንት ሙሉ ከሥራ መልስ አስተማረችው። ክንድ ዝም ብሎ አንጓ ብቻ እንዴት እንደሚሠራ፣ መዳፍ ጎኑን እንዴት መታ መታ እንደሚያደርግ፣ መጨረሻ ላይ ጓጓላው መሐል እንዲሰበሰብ እንዴት እንደሚንገዋለል ሁሉንም አሳየችው። በሳምንቱ ይግዛው የናሱን ወንፊት ሲይዝ ዱቄቱ እንደ ማለዳ ጉም ዝም ብሎ ወረደ። ዶክተር ዓለምነህ መነጽራቸውን አውልቀው አዩ፤ ደግመው አጠለቁና አዩ። በወሩ ከጥበቃ ወደ ወርክሾፕ ተዛወረ። ነጭ ካፖርት ተሰጠው፣ የአፍንጫ መሸፈኛ ተሰጠው። እንግዳ በመጣ ቁጥር ዶክተሩ መጀመሪያ የሚያሳዩት ማሽኑን ሳይሆን እሱን ሆነ። «የዚህን ሰው እጅ እዩልኝ» ይሉ ነበር። «እሱ ያልነፋውን ማሽኑም አይበላልኝ።»

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልናገር። ሰባት ዓመት በር ላይ ቆሞ ማንም ያላየው ሰው፣ አንድ ቀን «እጁን እዩልኝ» ሲባል ምን እንደሚሰማው የሚያውቅ የደረሰበት ብቻ ነው። ይግዛው ደረቱ ሰፋ። በሩ ላይ የቀረው ጓደኛው ባዩ «አንተ ወንፊቴ! ሽሮው አልደረሰም ወይ?» እያለ ሲያላግጥበት እንኳ ደስ ይለው ነበር። ያልቀና ሰው አያላግጥም ብሎ ነው።

ኢየሩሳሌም የመጣችው ባለፈው ሚያዝያ ነው። ሩቅ አገር ሰው አይደለችም፤ የዚያው የመካነ ኢየሱስ ልጅ ናት፣ ባሕር ዳር ተምራ ኢንጂነር ሆና የተመለሰች። የአንድ ዓመት ውል ነበራት። ቀጭን፣ ፈጣን፣ ለሰላምታ ከወገቧ እጥፍ የምትል። «ጋሼ ይግዛው» አለችው በመጀመሪያው ቀን፣ «ስለርስዎ ያልሰማሁት የለም። አጠገብዎ ቁጭ ብዬ ሲሠሩ ልይ?»

ለምን አታይ! ሁለት ሳምንት አጠገቡ ተቀመጠች። ጠየቀችው፣ ጻፈች፣ በስልኳ እጁን ቀረጸች። ስንት ጊዜ በደቂቃ እንደሚወዘውዝ፣ መቼ መታ መታ እንደሚያደርግ፣ ሁሉንም ቆጠረች። ይግዛው ለአመለወርቅ «እጄ ፊልም ሊሠራበት ነው መሰለኝ» እያለ ይጎርር ነበር። ስልኳ እጁን ብቻ ነበር የሚያየው፤ ከጠረጴዛው በታች ያለውን እግሩን የቀረጸ የለም።

ነገሩ የገባው ብረት ብየዳ ሲጀመር ነው። ለካስ ልጅቱ የተቀጠረችው በራሱ የሚነፋ ማሽን ልትሠራ ኖሯል። እጁን የለካችው እጁን ልትተካው ነው! ነሐሴ ላይ ማሽኗ ተሠርታ ቆመች። ከላይ አፏን ከፍታ ዱቄቱን ትቀበላለች፣ ሆዷ ውስጥ ሞተር ይንቀጠቀጣል፣ ወንፊቷ ይወዘወዛል፣ ንጹሑ በአንድ በኩል ጓጓላው በሌላ በኩል ይወርዳል። ይግዛው ግማሽ ቀን የሚፈጅበትን በአርባ ደቂቃ ጨረሰችው። ያውም ሳታስል፣ ምሳ ሳትል። ተማሪዎቹ አጨበጨቡ። ዶክተር ዓለምነህ እጃቸውን በማሽኗ ጀርባ ላይ ጣል አድርገው፣ ልክ የይግዛውን ትከሻ እንደሚይዙት አድርገው፣ «በል እንግዲህ ይግዛው፣ ከእንግዲህስ ታርፋለህ» አሉት።

ታርፋለህ! ሰው ይህን የሚባለው ሲቀበር ነው።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ይግዛው ቀና። ዝም ብሎ አይደለም የቀናው፤ ሁለተኛ ሚስት እንደመጣችባት ሴት ቀና። ማታ ማታ ማሽኗን አቧራ እንዳይነካት ነጭ አንሶላ ያለብሷታል፤ እሱ በልቡ «ሙሽሪት» ብሎ ስም አወጣላት። እንግዶች ሲመጡ ዶክተሩ በጎኑ አልፈው ቀጥ ብለው ወደ ሙሽሪት ይሄዳሉ። ኢየሩሳሌም ስትስቅ ይቀናል፤ ዶክተሩ ስሟን ሲጠሩ ይቀናል፤ ጽዳት ሠራተኛዋ የሙሽሪትን ዙሪያ ሁለት ጊዜ ስትወለውል የእሱን ወንበር ግን አንድ ጊዜ በመወልወሏ ይቀናል። በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል ይባል የለ? «እኔ መዳብ ሆንሁ» ይል ነበር ለራሱ፣ ካፖርቱን ሲሰቅል። ወደ በሩ የሚመልሱት ቀን ደግሞ ዓይኑ ላይ ይታየዋል። ባዩ አግዳሚው ላይ ጠጋ ብሎ ቦታ ሲለቅለት፣ ያች የባዩ ሣቅ ትታየዋለች።

እግዜር ግን አልተወውም፤ ወይም እሱ እንዲያ ነው ያሰበው። ኅዳር ገባ። ሰማዩ ጠራ፣ አየሩ ደረቀ፣ በየገጠሩ አውድማ ተለቀለቀ፣ ሙሽሪትም ታመመች። ዱቄቱ ወንፊቷ ላይ እየተለጠፈ አልወርድ አለ። ግድግዳዋ ላይ እንደ ኖራ ተለሰነ። ኢየሩሳሌም ሞተሩን አፈጠነች፣ አዘገየች፣ ወንፊቱን ለወጠች። እምቢ አለ። ክረምት ላይ እንደዚያ የተጨበጨበላት ማሽን በጋ ላይ ተማሪዎቹ የነፉትን ያህል እንኳ አልነፋ አለች። ስሪዲ ፕሪንተሩን ለመመገብ የይግዛው እጅ እንደገና ተፈለገ። ዱቄቱ ለሱ ይወርዳል። ለምን ለሱ ብቻ እንደሚወርድ ማንም አላወቀም።

ይግዛው ደስ አለው። ደስታው የሚያሳፍር ደስታ ነበር፤ ጉንጩን ነክሶ ነው ሣቁን የሚይዘው።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ሰው ሁሉ ስብሰባ ሄዶ፣ ካፖርቱን ለብሶ ጫማውን ሳያወልቅ ሊያሾፍባት ወደ ሙሽሪት ተጠጋ። ክንዱን ሲያስጠጋ የክንዱ ጠጉር ቆመ። ጣቱን ሲያስነካት ቀጭ! አድርጋ ቆነጠጠችው። ወደ ኋላ ዘለለና አማተበ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ ከሥሯ አየ። አራት እግር አላት፤ አራቱም እግሮቿ ሥር፣ ስትንቀጠቀጥ እንዳትጮህ ብለው፣ ወፍራም ጥቁር ጎማ አጥልቀውላታል።

ጫማ።

ይግዛው እዚያው ተቀመጠ። ትዝ አለው። ባለፈው ዓመት እንግዶች ሲመጡ ኮሌጁ ወፍራም ሶል ያለው አዲስ ጫማ አስገድዶ አስጫምቶት ነበር። ያን ቀን ዱቄቱ እንደ ሙጫ ተጣብቆበት በላብ ተጠመቀ። ጥግ ይዞ ጫማውን ሲያወልቅ ግን ዱቄቱ ወረደ። ለማንም አልተናገረም፤ የአባቱ ነገር እውነት ነው፣ ረድኤቱ ተመለሰ ብሎ ዝም አለ። አሁን ሙሽሪትም እንዲሁ ናት። በአውድማ ላይ ጫማ ተጫምታ ቆማ ነው ረድኤቱ የሸሻት። ጫማዋን ቢያወልቁላት ይወርድላታል!

ይህን ያወቀ ሰው ምን ማድረግ ነበረበት? አንተም አንቺም ታውቃላችሁ። ይግዛውም ያውቅ ነበር። ለራሱ ግን «ብናገር ይስቁብኛል። የተማረ ሰው ፊት ስለ ረድኤት ምን ብዬ አወራለሁ?» አለ። ውሸቱን ነው። መሣቅማ ወንፊት ከያዘበት ቀን ጀምሮ የለመደው ነገር ነው። የፈራው ሣቃቸውን አልነበረም፤ ትክክል ሆኖ መገኘቱን ነው። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ሆነና አንሶላዋን አልብሷት ወጣ።

በታኅሣሥ መጀመሪያ ዶክተር ዓለምነህ ኢየሩሳሌምን ሲያናግሯት በግድግዳው በኩል ሰማ። በጥር መጨረሻ ከባሕር ዳር እንግዶች ይመጣሉ፤ ማሽኗ በፊታቸው ከሠራች ሥራው ይቀጥላል፣ ካልሠራች ግን የኢየሩሳሌም ውል አይታደስም። «እኔ ብወድም የምችለው ነገር የለም» አሉ ዶክተሩ።

በማግስቱ ወደ ይግዛው መጣች። ዓይኗ ቀልቷል። «ጋሼ» አለች፣ «ያልገባኝ ነገር አለ። እርስዎ ሲነፉ የሚወርደው ለምንድን ነው? እንደ ተማሪዎ ያስተምሩኝ። በእጄ ልወቀው።»

አስተማራት። አመለወርቅ ያስተማረችውን ሁሉ አስተማራት፤ አንጓውን፣ መታ መታውን፣ ማንገዋለሉን። አንዲት ነገር ብቻ አስቀረ። ልጅቱ ባለ ወፍራም ሶል ስኒከሯን ተጫምታ ወንፊቱን ያዘች፤ ዱቄቱ ተለጠፈ። ደገመች፤ ተለጠፈ። ከጎኑ ቆማ ባዶ እግሩን አይታ «ጋሼ፣ ሲሚንቶው አይበርድዎትም?» አለችው።

አንዱን እግሩን በሌላው ሸፈነ። «ለምጄዋለሁ» አላት።

«ታዲያ እኔን ለምን እምቢ አለኝ?»

ኋላ የሚያፍርባትን ቃል ያኔ ነው የተናገራት። «እጅሽ ገና ነው» አላት። «ይህ የእጅ ስጦታ ነው፤ በትምህርት አይመጣም።»

አመነችው። ይሄ ነው የሚከፋው፣ አመነችው። በየቀኑ ምሳ ሰዓት እየቀረች ነፋች። በሳምንቱ የቀኝ እጇ አንጓ አብጦ በፋሻ ጠቅልላ መጣች። «የርስዎን እጅ እግዜር ነው የሰጠዎት» አለችው እየሣቀች። ይግዛው በዚያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኗን ማየት አቃተው፤ ቢሆንም ደስታው ገና አልለቀቀውም። በፋሻው እንኳ ቀና መሰለኝ፤ ዶክተሩ «አይዞሽ» እያሉ ሲያዩላት አይቶ።

የጥር ማርያም ዕለት ከቅዳሴ ሲመለሱ ለአመለወርቅ ነገራት። የነገራት ሊጸጸት አይደለም፤ ሊጎርር ነው። «ምስጢሯን እኔ ይዣታለሁ» አላት። «ሙሽሪትን ጫማ አስጫምተዋት ልጅቱ እጇ እስኪያብጥ ትነፋለች። እንግዶቹ ሲመጡ ሁሉም ያየዋል፤ ያለ ይግዛው እጅ እንደማይሆን።»

አመለወርቅ መንገዱ መሐል ቆመች። ነጠላዋን አስተካከለች።

«እንዲያው አንተ ሰው» አለች፣ «እኔ ሳስተምርህ ምን አስቀረሁብህ?»

«አንቺማ ሚስቴ ነሽ።»

«ሚስትህ ነኝና! እጅህ እንደ በሬ ቀንበር ደርቆ ስንት ወንፊት ሽሮ ደፋህብኝ! እጅህ ገና ነው አልሁህ? ወንድ ልጅ ነውና ይስቁበታል ብዬ በር ዘግቼ እጄ ላይ ያለውን ሁሉ ሰጠሁህ። አንተ የሰው ልጅ እጅ ታሳብጣለህ? እኔ ያስተማርሁህን ይዘህ?»

«አንቺ ምን አለብሽ? በር ላይ የሚመልሱት እኔን ነው!»

«ይመልሱሃ!» አለች። ከዚያ ትታው ቀድማ ወደ ቤት ሄደች። ይግዛው ተናደደ፤ ከባልዋ ይልቅ ለሰው ልጅ አዘነች ብሎ በሚስቱም ቀና። ሲቀና ውሎ ሲቀና አደረ። ግን የሽሮ ወንፊቷ ግድግዳው ላይ ተሰቅላ ነበር፤ በየት በኩል ቢዞር ትታየዋለች።

እንግዶቹ የሚመጡበት ቀን ደረሰ። ይግዛው ከሁሉም በፊት ወርክሾፑ ገባ። ለምን እንደመጣ ራሱም በቅጡ አያውቅም፤ እስከ በሩ ድረስ የመጣው የሙሽሪትን ውርደት ከፊት ወንበር ሊያይ መስሎት ነበር። ጫማውን ደፉ ላይ አወለቀ። አንሶላዋን ገለጠ። ከሥሯ ተንበርክኮ አያት፤ ትናንት ኢየሩሳሌም ከእጇ ፈትታ የጣለችው ፋሻ ከአንዱ የሙሽሪት እግር አጠገብ ወድቋል። አነሣው። አጣጠፈው። ከዚያ ተሳደበ፤ ማንን እንደተሳደበ አልታወቀም። ቁልፍ መፍቻ አንሥቶ አራቱን ጎማ አንድ በአንድ አወለቀላትና ብረት እግሯን ሲሚንቶው ላይ አቆማት።

ዱቄት ጨመረ፣ አስነሣት።

ዱቄቱ ወረደ! ነገር ግን ጎማ የሌላት ሙሽሪት እየጮኸች መዝለል ጀመረች። በወርክሾፑ ወለል ላይ እስክስታ እየወረደች ወደ በሩ ስትሄድ ይግዛው ወገቧን አቅፎ ተጎተተ። ኢየሩሳሌም ስትገባ ያየችው ይህንን ነው፤ ይግዛው በባዶ እግሩ፣ ከእግር እስከ ራሱ ነጭ ሆኖ፣ ከማሽኗ ጋር ትግል ገጥሞ።

ሮጣ ማሽኗን አጠፋቻት። «ምን አደረጉት ጋሼ?»

«ጫማዋን አወለቅሁላት» አለ እያለከለከ። «አውድማ በጫማ አይረገጥም። ረድኤቱ ይሸሻል። እዪው፣ ወርዷል።»

ኢየሩሳሌም ንጹሑን ዱቄት አየች። ጎማዎቹን አየች። ከዚያ የይግዛውን ባዶ እግር አየች፤ ለረጅም ጊዜ አየችው። «ወይኔ!» አለች። «መሬት! ዱቄቱ በደረቅ አየር ሲፋተግ ኤሌክትሪክ ይይዛል፤ ጎማው ወደ መሬት መሄጃ ስለከለከለው ወንፊቱ ላይ ያጣብቀዋል። በእርስዎማ በባዶ እግርዎ በኩል ወደ መሬት ይወርዳል!» ሮጣ ሄዳ የመዳብ ሽቦ አመጣች። አንዱን ጫፍ ከማሽኗ ብረት ጋር አሰረች፣ ሌላውን ግድግዳው ሥር ከተቀበረው የመሬት ሽቦ ጋር አገናኘች፣ ጎማዎቹንም መለሰች። ሙሽሪት ዝም ብላ ቆማ ነፋች። እንግዶቹ በአምስት ሰዓት መጡ፣ አዩ፣ አጨበጨቡ፣ ሥራው ሁለት ዓመት እንዲቀጥል ፈቀዱ።

ኢየሩሳሌም በሁሉም ፊት «ችግሩን ያገኙት እሳቸው ናቸው» ብላ ወደ ይግዛው ጠቆመች። ዶክተር ዓለምነህ ትከሻውን ያዙት። «ማሽን ጠባቂ ይሻል» አሉ። «ሲጀመርም እሷን የመያዙን ሥራ ላንተ አስቤው ነበር። ይህን ነገር ካንተ በቀር ማን ያስተውለዋል?» ወደ በሩ የሚመልሰው አንድም ሰው አልነበረም፤ ኖሮም አያውቅም።

ሰው ሁሉ ከተበተነ በኋላ ወርክሾፑ ውስጥ ሁለቱ ቀሩ። ኢየሩሳሌም ሽቦውን በጣቷ እየነካካች፣ ሳታየው ጠየቀችው።

«መቼ ነው ያወቁት?»

ዛሬ ጠዋት ሊላት አፉን ከፈተ። የታጠፈው ፋሻ ግን ካፖርቱ ኪስ ውስጥ ነበር።

«ኅዳር ላይ» አለ።

ኅዳር፣ ታኅሣሥ፣ ጥር። ስትቆጥር ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አየ። ጎንበስ ብላ የስኒከሯን ማሰሪያ ፈታች፣ አንዱን አወለቀች፣ ሌላውን አወለቀች፣ ካልሲዋንም። በባዶ እግሯ ሲሚንቶው ላይ ቆማ የይግዛውን የናስ ወንፊት አነሣች፣ ዱቄት ጨመረች፣ ነፋች።

ዱቄቱ ወረደ። ዝም ብሎ፣ ሳይቦንን፣ ሳይቆራረጥ ወረደ። መጨረሻ ላይ አንገዋለለችውና ጓጓላው መሐል ላይ ተሰበሰበ፤ አመለወርቅ እንደምትሰበስበው። ይግዛው የእጅ ሰው ነውና አየ። እጇ ከሱ እጅ ይበልጣል። ያበጠው አንጓዋ እንኳ ይበልጠዋል። እዚያው ቆሞ፣ በዚያ ሁሉ እፍረት መሐል፣ ደግሞ ቀና።

«እጄ ደህና ነበር ለካ» አለች፣ ለራሷ የምትናገር ያህል።

ወንፊቱን በሁለት እጇ፣ እንደ ወጉ ዝቅ ብላ መለሰችለት። ጫማዋን አደረገች፣ ቦርሳዋን አነሣች። በሩ ላይ ስትደርስ ዘወር ብላ እንደ ሁልጊዜው ተሰናበተችው፤ «ጋሼ» ግን አላለችም።

«ደህና ይዋሉ፣ አቶ ይግዛው።»